በግንቦት ፀሐይ ስለ ለበስነው የበረዶ ካፖርት

ታኅሣሥ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ደመቀ
የስደተኞች ሰፈር የአልባሳትና የጉዞ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ
ባሱንዳ፣ ገዳሪፍ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ መጋዘንዎ፣ የመጋዘንዎ ቁልፍና ቁልፉ የሚንጠለጠልበት ወገብዎ እንደምን አሉ? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ናፍቆቱንም ቢሆን ችለነዋል። ይህን የምጽፍልዎ አንዳርጌ ነኝ። ባለፈው ግንቦት ደረቴ ላይ ቁጥር ለጥፈው፣ አንገቴ ላይ ፊሽካ አንጠልጥለው፣ እስከ አገጬ በዚፕ በተዘጋ የበረዶ ካፖርት ውስጥ ከሰፈሩ በር የሸኙኝ የጭልጋ ሰው። እንደኔ የሸኟቸው ብዙ ስለሆኑ መልኬን ቢዘነጉት አልቀየምም።

ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ እርስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ነገር ለማያውቀው አንባቢ ባስረዳ ቅር እንዳይሰኙብኝ በትሕትና እለምናለሁ። በድርቁ ምክንያት ከጭልጋ ደጋ ወርደን ከባሱንዳ አጠገብ በሰፈርነው ሰዎች ዘንድ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ላይ አገር ቤት ዝናብ ሊጥል ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ተመካከርንና ሴቶችና ልጆች በሰፈሩ ራሽን እንዲቆዩ፣ ወንዶቹ ግን ቀድመን ገብተን እንድንዘራ ተስማማን። ጓንግ ወንዝ ከሞላ መሻገሪያ የለውም፤ የዘር ወቅት ካለፈም መሬቱ ሌላ ዓመት ጦሙን ያድራል፣ እኛም ሌላ ዓመት የእርስዎ እንግዶች ሆነን እንቀራለን። ስለዚህ ይህ ጉዞ እየሄዱ የሚደርሱበት አልነበረም፤ ቀን ከቀን ተራራ ለተራራ መሮጥ ነበረብን።

ለዚህ ሩጫ ያዘጋጁን ደግሞ እርስዎ ነዎት። ቀድሞ ጎንደር የሰውነት ማጎልመሻ መምህር እንደነበሩ በየአጋጣሚው ይነግሩን ስለነበር፣ ከባሕር ማዶ በመጣ አንድ የልብስ ቦንዳ ውስጥ ባለ ሥዕል መጽሔት ሲያገኙ የተሰማዎትን ደስታ እንረዳለን። መጽሔቱ ለብዙ ቀን የተራራ ሩጫ ምን እንደሚለበስና ምን እንደሚያዝ የሚዘረዝር ነበር። ከመጽሔቱ ጋር ካፖርቶች፣ ፊሽካዎች፣ ቁጥር የታተመባቸው ካናቴራዎች ተጠቅልለው መጥተዋል። እርስዎም የለጋሾቹ ትእዛዝ ነው ብለው ተረጎሙትና፣ ዝርዝሩን ያላሟላ ሰው በተራራ በኩል ወደ አገሩ እንዳይገባ አወጁ። የክሊኒኳ ሱዳናዊት ነርስ ዘኪያ መጽሔቱን ገልጣ ስታየው፣ ሳቋ አላስቆም ብሏት በርጩማ እስኪቀርብላት ድረስ ግድግዳ ይዛ ነበር። «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ እነዚህ ኸዋጆች፣ ነጮቹ እኮ ለጨዋታ ነው የሚሮጡት፤ ማንም አላባረራቸውም፣ ቤታቸውም እዚያ አይደለም» አለችን። እኛ አላመንናትም። ጠግቦ የሚያድር ሰው፣ አባራሪ ሳይኖረው፣ ለቀናት ተራራ ላይ ይሮጣል ብሎ ማመን ያን ጊዜ ይከብድ ነበር።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ሦስት ድርብ ልብስ የሰጡን ትምህርት ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም። የመጀመሪያው ላብ የሚመጥ፣ ሁለተኛው ሙቀት የሚይዝ፣ ሦስተኛው ነፋስና በረዶ የሚመልስ መሆን እንዳለበት፣ ጥላ በሌለበት የቀትር ፀሐይ ሦስቱንም በራስዎ ገላ ላይ ደርበው ሲያሳዩን፣ ላብዎ ከአገጭዎ እየወረደ መጽሔቱን ሲያርሰው፣ ከእኛ መካከል አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ይህን ጨዋነታችንን ወደፊት ልብ ይበሉልን። ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ ጋቢ ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ሰው ሲታመም ቃሬዛ፣ ሲሞትም መገነዣ ስለሚሆን ሦስት ብቻ ሳይሆን አራት ድርብ ነው ቢልዎ፣ ጋቢ ውሃ ይይዛል በማለት ከዝርዝሩ አወጡት። በርግጥም ጋቢ ውሃ ይይዛል። በባሱንዳ ግንቦት ውሃ የሚይዝ ነገር ማግኘት በራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

፪ኛ/ የያዝነው ዕቃ ከየሰውነታችን ክብደት አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ስላደረጉት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሕፃናት መመገቢያው ሚዛን ላይ ተራ በተራ እየወጣን ስንመዘን፣ እርስዎ ስሌቱን በአፍዎ ያሰሉ ነበር። ያን ጊዜ የነበረንን ሰውነት ያስታውሱታል። ጎረቤቴ ታምሬ ቁመቱ በር ላይ የሚያጎነብሰው ሰው ነው፤ ሆኖም የእሱ አንድ አሥረኛ አንድ ጋቢና አንድ ቅል ውሃ እንኳ አልሆነለትም፤ ጋቢው ከዝርዝሩ ከወጣ በኋላም ውሃው ከብዶ ስለተገኘ ቅሉን ባዶውን ይዞ እንዲሄድ በልዩ አስተያየት ፈቀዱለት። በመቀጠልም ክብደት ለመቀነስ የጥርስ ብሩሽ እጀታ በግማሽ እንዲቆረጥ በመጋዝ ሠርተው አሳዩን። እኛ መፋቂያ ነበር የያዝነው። ቢሆንም ትእዛዝ ነውና ቆረጥነው።

፫ኛ/ ይህን ቁጥር ለጊዜው ልዝለለው። እጄ ሲደርስበት ይከብደዋል።

፬ኛ/ ካልሲ፣ ፊሽካና ቁጥር። ለእያንዳንዱ ተጓዥ ትርፍ ካልሲ ማደልዎ ከልብ የመነጨ ቸርነት ነበር። ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ ለተጫማ እግር ካልሲ ምን እንደሚያደርግለት አላስረዱንም እንጂ፣ ስናስብበት ግሩም የቆሎ ከረጢት ሆኖ አገኘነው፤ አፉ የሚለጠጥ በመሆኑ ቆሎ አያፈስም። ፊሽካው አደጋ ሲደርስብን እንድንነፋው ነበር። ዳገቱ ላይ ታምሬ ለሙከራ ቢነፋው የአካባቢው ዝንጀሮ በሙሉ ከገደሉ ወጥቶ ምን ልትፈልጉ መጣችሁ እንደማለት ዙሪያችንን ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ዳግም አልነፋነውም። በቁጥሩ ነገር ግን ትንሽ ተቸግረናል። በሙቀቱ የካፖርታችንን ዚፕ ከፍተን መተማ ገበያ ስንደርስ አንዲት ጠላ ሻጭ ደረታችንን አይታ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀችና፣ ከየትኛው ወህኒ ቤት እንዳመለጥን በጆሯችን ጠየቀችን። እስረኛ ለመሸሸግ ልቧ የፈቀደ ሴት ነበረች። የጠላዋን ዋጋም አልተቀበለችንም፤ ይህም ከእርስዎ ቁጥር ያገኘነው ጥቅም ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነገር ያለ ምፀት አመሰግናለሁ፦ ከመነሳታችሁ በፊት የእግር ጥፍራችሁን ተቆረጡ ብለው ነበር። ይህ እውነትም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ካፖርቱ ልገባ ስል የዘለልኩትን ቁጥር ሳልመልስ መግባት እንደማልችል አየሁ። እንግዲህ ተራው ተበላሽቷል ብለው አይቆጡኝ።

፫ኛ/ ስለ ጎረቤታችን ስለ እንግዳው። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሁሉ ይወቀው፦ የደጋችን መሬት ዱራ የሚሉትን የቆላ ማሽላ አያበቅልም። የሚዘራው የራሱ ጤፍና ዳጉሳ ነው፤ ያንን ዘር ደግሞ በገዳሪፍ ገበያ አያገኙትም። ስለዚህ ከአገር ስንወጣ እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ዘር ይዞ ወጥቷል። ባለቤቴ አሰጋሽ በመቀነቷ ቋጥራ ነበር ያመጣችው። መንገድ ላይ ልጆቻችን በራብ ሲያለቅሱ መቀነቷን በሁለት እጇ ይዛ አብራቸው ታለቅስ ነበር እንጂ አልፈታችውም። ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም፤ ያየው ያውቀዋል።

ጎረቤታችን እንግዳውም የአባቱን ዘር በስልቻ ይዞ ነበር። እንግዳው መደበቅ የማያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቡድን ሊወጣ ሲል ስልቻውን በገዛ እጁ ከሚዛኑ ላይ አኖረና፣ «ጌታዬ፣ ይሄ ያባቴ ዘር ነው፤ አንዲት ፍሬ አልቀመስንለትም» አለዎ። እርስዎም እህል የጉዞ ዕቃ እንዳልሆነ፣ የሰፈሩ ደንብም ማናቸውም እህል ከበር እንዳይወጣ እንደሚከለክል፣ በዚያ ላይ መጽሔቱ እንደሚለው በየመንገዱ ለሯጮች ትኩስ ሾርባና ብርቱካን የሚያድሉ ጣቢያዎች ስላሉ ስንቅ አስፈላጊ አለመሆኑን በትዕግሥት አስረዱት። ከጓንግ እስከ ጭልጋ እነዚያን ጣቢያዎች አጥብቀን ፈልገን አጥተናቸዋል፤ ምናልባት ገና አልተከፈቱ ይሆናል። ዘሩም ለብክነት እንዳይዳረግ በማለት የዚያኑ ዕለት ለሕፃናቱ አጥሚት ከሚፈላው በርሜል ውስጥ እንዲጨመር አዘዙ።

ልጆቻችን ጠጡት። የኔም ልጅ ጠጥቷል። የተራበ ልጅ ለምን ጠጣ አልልም። ነገር ግን እንግዳው ከበርሜሉ አጠገብ ቆሞ እስኪፈላ ድረስ ሲያይ ነበር፤ ከዚያም ሄዶ ከኒሟ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ሩጫውንም ተወ። ባዶ እጁን ገብቶ ምን ይዘራል? ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ ያን ቀን ከልቤ ጠልቼዎት ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እርስዎ ግን ለልጆች መልካም የሠሩ መስሎዎት ፈገግ ብለው ወደ መጋዘንዎ ተመለሱ።

፭ኛ/ ካፖርቱ። እነሆ ዋናው ምስጋናዬ።

የሚቀጥለው ቡድን የእኛ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ የሰፈሩ ወንድ ዘሩን የት እንደሚያስገባ ሲመክር አደረ፤ የረባ ሐሳብ ያመጣ ግን አልነበረም። አሰጋሽ ጧት ያን ላባ የተሞላ ካፖርትዎን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስትደባብስ አገኘኋት። ላባው እንዳይከማች ቦይ ቦይ ሆኖ የተሰፋ መሆኑን ያስታውሳሉ። እሷ ግን የዘር መደብ ነው የታያት። ከዚያም እርስዎ ደጋግመው ያነበቡልንን አንቀጽ አስታወሰችኝ፦ የሚመዘነው የተሸከሙት እንጂ የለበሱት አይደለም። ደንቡ የእርስዎ ነው፤ እኛ ለማክበር ብቻ ተነሳን።

ላባውን አራግፋ ለልጆቹ ትራስ ሠራችበት። በባዶው ቦይ ውስጥ የእኛን ጤፍ፣ የእነ በለጡን ዳጉሳ፣ የሌሎቹን ጎረቤቶች ዘር አንዱ ካንዱ ሳይቀላቀል እያስገባች መልሳ ሰፋችውና፣ የጤፍ ፍሬ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያመልጥ ስለምታውቅ ስፌቱን በሙሉ በጧፍ ሰም አሸችው። የየቤቱ ሴትም ከሷ እያየች የባሏን ካፖርት ያዘች። ታምሬ ብቻ፣ ሚስት የሌለው ወንድ መርፌ አያቅተውም ብሎ ለብቻው ሰፋ፤ ሰሙንም የሴት ጥንቃቄ ነው ብሎ ናቀው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በሩ ላይ ተሰልፈን ሲያዩን ፊትዎ እንዴት እንደበራ! ሳምንት ሙሉ ካፖርቱን ልበሱ ብለው ለምነውን እምቢ ያልን ሰዎች፣ በዚያ ሐሩር ሁላችንም እስከ አገጫችን ዘግተን ላቡ በእግራችን እየተንጠባጠበ ቆመናል። ሥልጠና እንዲህ ነው አሉ። ቀረብ ብለው ትከሻዬን በፍቅር መታ መታ ሲያደርጉኝ ካፖርቱ ሽሽሽ አለ። እርስዎም እጅዎን ሳያነሱ ጆሮዎን አስጠግተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የአሰጋሽ ዓይን ከወዲያ ሆኖ ሲያየኝ ይሰማኛል። አዲስ ዕቃ ስለሆነ ገና አልለመደንም አልኩዎ። ራስዎን በአዎንታ ነቀነቁና፣ የውጭ አገር ዕቃ ጥራቱ በድምፁ ይታወቃል ብለው ለተሰለፈው ሁሉ አስረዱ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ከዚያ በኋላ የማናችን ካፖርት ቢንሿሿ የጠየቀን አልነበረም።

መንገዱን ባጭሩ ልንገርዎ። መጽሔትዎ ሽቅቡን ተራመዱ፣ ቁልቁሉን ሩጡ ይላል። ከጓንግ እስከ ቤታችን ግን ሁሉም ሽቅብ በመሆኑ ሽቅቡን መሮጥ ግድ ሆነብን። ጓንግ ላይ ስንደርስ ውሃው መደፍረስ ጀምሯል። ካፖርቶቹን በራሳችን ላይ ተሸክመን፣ ልብሳችንን ሳናወልቅ ደረታችን ድረስ ገብተን ተሻገርን፤ ከኋላችን የደረሱት ነጋዴዎች ወዲያ ማዶ ቀሩ። ታምሬን በተመለከተ፣ ካፖርቱ ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ በጀርባው በኩል ያፈስ ነበርና የአገሩ ርግብ ሁሉ ተሰብስቦ ይከተለው ገባ። ቆም ሲል ይቆማሉ፣ ሲሮጥ ይነሳሉ። በመጨረሻም ሁለት እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ስፌቱን እንደያዘ እስከ ቤቱ ሮጠ። ሴቶቻችን በኅዳር ሲመለሱ መንገዱ ዳር የበቀለውን የታምሬን ጤፍ እያዩ መጣን ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ሆን ብዬ ለምልክት ያደረግሁት ነው እያለ ይምላል።

ደርሰን ዘራን። ዝናቡም እውነትም ጣለ። ጎተራ ሞላ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ዘሩ ጥቂት፣ በሬው ጥቂት፣ ጉልበታችንም ያው እርስዎ የመዘኑት ጉልበት ነበር። ነገር ግን ሰው የሚያደርስ፣ ለከርሞም ዘር የሚሆን አግኝተናል። ለበረዶ ጨረር ብለው የሰጡንን ጥቁር መነጽር ታምሬ አውድማ ላይ እህል ሲያዘራ ያደርገዋል፤ እብቅ ዓይኑ ውስጥ አይገባም፤ የሚያየው ሰው ሁሉ ይመኘዋል። ካፖርቶቹም በክረምቱ በእንጨት ላይ ተሰቅለው ማሳ ሲጠብቁ ከረሙ። ወፎቹ አጥብቀው ይፈሯቸዋል፤ የታምሬን ግን አይፈሩትም፣ ውለታውን አልረሱም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሩጫው ሲያበቃ የመጋዘን ንብረት ይመለስ የሚለውን ትእዛዝዎን በማክበር፣ አሰጋሽ አጥባ፣ አድርቃና የተቀደደውን ጠቅማ ያዘጋጀችውን የኔን ካፖርት ይህን ደብዳቤ ከሚያደርስልዎ ከሎሪ ነጂው ከኸሊል እጅ እንዲረከቡ በትሕትና አሳስባለሁ። ሚስቶቻችንና ልጆቻችን ሁሉ ከሰፈርዎ ወጥተው አጠገባችን ስላሉ፣ የልቤን ብጽፍ ራሽን የሚቆረጥበት ሰው የለኝም፤ ይህም የመናገር ነፃነት ከዚያው ከካፖርትዎ የተገኘ ነው።

ሰፈርዎን ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ገብቶ ባዶ እንዲያደርግልዎ፣ እርስዎንም ወደ ተማሪዎችዎና ወደ ሩጫ ሜዳዎ በሰላም እንዲመልስዎ ዘወትር የምለምን፣ ጥፍሩን የተቆረጠው፣ ቁጥሩን እስካሁን ያልመለሰው፣ ለአንድ አሥረኛው ክብደቱ በእጅጉ የታሰበለት፣

አክባሪዎ
አንዳርጌ
ከጭልጋ ደጋ

እንደገና፦ ካፖርቱ በላባ ሳይሆን እንደሄደ ተሞልቶ ተመልሷል። ቀኝ እጅጌው ጤፍ ነው፣ ግራው ዳጉሳ፤ ጀርባው ላይ ያለው ደግሞ ከየቤቱ የተዋጣ ነው። ባለቤቱ እንግዳው ሲሆን አሁንም ከኒሟ ሥር እንደተቀመጠ ኸሊል ነግሮናል። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁትና ኸሊል በመጋዘንዎ በር ላይ ለጥፎ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ላልቆጠረው እንዲያነብለት ያዘዝኩት፣ በካፖርቱ ውስጥ ምን እንዳለ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያውቅ ነው። እባክዎን እንዳይቀቅሉት። በሚመጣው ግንቦት እንግዳው ለብሶት በበሩ ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ ያድርጉልኝ፤ ሽሽሽ ሲል ከሰሙም፣ ለተሰለፈው ሁሉ የውጭ አገር ዕቃ መሆኑን ያስረዱልኝ።